መምህሩን ያስቀደመ እገዛ፦ በሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ትምህርትን በበጎ ፈቃድ ለሚደግፉ

የኮምፒውተር ሙያ ያለው ሰው ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ለማገዝ ሲነሣ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ማንን እንደሚያግዝ ነው። ብዙዎቻችን «ተማሪዎቹን» ብለን እንጀምራለን። እኔም ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን ሥራ ስጀምር ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አስተማርኩ፣ ተማሪዎቹ ወደዱኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ጨረስኩ። በቀጣዩ ኅዳር ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ግቢ ጎራ ስል የኮምፒውተር ክፍሉን ትቼው እንደሄድኩት ተቆልፎ አገኘሁት፤ ሞኒተሮቹን የሸፈንኩበት ጨርቅ እንኳ አልተነሣም። የትምህርቱ መምህር በእነዚያ ወራት አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር እንጂ አንድም ቀን ማውዙን እንዲይዝ አላደረግኩም። ከዚያ ወዲህ የምሠራውም ሆነ ከዚህ በታች የምመክረው፣ መምህሩ ያለ እኛ ክፍሉን ከፍቶ ማስተማር እንዲችል ለማድረግ ነው።

ነገሩ ለእኛ ሀገር አዲስ አይደለም። የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ሁላችንም «ፕላዝማ» ባልነው ስክሪን ውስጥ ያለው አስተማሪ ዋናውን ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የቀረችለት ለመግቢያና ለማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ነበረች። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ መምህሩም ያልተዘጋጀበትን ትምህርት ከመሐል ተቀብሎ እንዲቀጥል ይጠበቅበት ነበር። መምህሩን ወደ ጎን አድርጎ ራሱ የሚያስተምር በጎ ፈቃደኛ፣ ዕውቀቱ የቱንም ያህል የላቀ ቢሆን፣ ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

ከመግባት በፊት

ሥራው የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። ከምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ወይም ከምትማሩበት ተቋም ማንነታችሁንና ሙያችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፉ፤ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገቡና ለትምህርት ቤቱ የተመራውን ግልባጭ ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ። ርዕሰ መምህሩን በግል ስለምታውቁ ብቻ ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ርዕሰ መምህር ይቀየራል፣ ይዛወራል፤ ያን ጊዜ ደብዳቤ የሌለው እንግዳ በጥበቃው በር ላይ መቅረቱ ነው፣ ጥበቃውም ይህን በማድረጋቸው ሥራቸውን ነው የሠሩት።

ከርዕሰ መምህሩ ቀጥሎ የምታገኙት የትምህርቱን መምህር ይሁን። በመጀመሪያው ቀን አንዳች ነገር ልታስተምሩ አትሞክሩ፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ዝም ብላችሁ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። መምህሩ በመጽሐፉ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ፣ ተማሪው በአማርኛ ሲብራራለት የሚገባው በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን የሚጠፋው የትኛው ቃል እንደሆነ፣ በአንድ ኮምፒውተር ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ በማስታወሻ ያዙ። የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ ፈተና ላይ የሚያገኘው ቃል የእንግሊዝኛው ነው፤ ስለዚህ ፅንሰ ሐሳቡን በአማርኛ አስረድቶ ቃሉን በእንግሊዝኛ ማስያዝ የሚሻል መንገድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጊዜውን ስትመርጡ የአካባቢውን የሥራ ዘመን ተከተሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የመኸር አጨዳና ውቂያ ስለሚደርስ የገጠር ተማሪ ይቀራል፤ በመንዝና በሌሎች የበልግ አብቃይ ደጋዎች ደግሞ ሰኔ የአጨዳ ወር ነው። የገበያ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ከገበያ ቀን ጋር የተጋጨ የኮምፒውተር ክበብ ሰዓት በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ክፍል ያስቀራል። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም መምህራን በክረምት ግቢ ውስጥ ስለማይገኙ፣ የክረምቱን ሥራ ማሽን ለመጠገንና ለማዘጋጀት፣ የማስተማር እገዛውን ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ማድረጉ ይመረጣል።

ክፍሉን መፈተሽ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ግድግዳውን ተመልከቱ። ከአንድ ሶኬት ዲቫይደር ተስቦ፣ ከዚያ ዲቫይደር ሌላ ዲቫይደር ተሰክቶ ካያችሁ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። 10 አምፔር የሚችል ዲቫይደር በ220 ቮልት የሚሸከመው ቢበዛ 2200 ዋት ነው፤ አንድ የቆየ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 150 ዋት ገደማ እንደሚወስድ ብናስብ፣ አሥሩ 1500 ዋት ይሆናሉ። በዚያው መስመር ላይ ፕሪንተርና የመምህራን ሻይ ማፍያ ሲጨመር ገመዱ ይግላል። ይህን ስሌት ከተማሪዎቹ ጋር በሰሌዳ ላይ መሥራት በራሱ ጥሩ ትምህርት ነው።

ከውጭ በእርዳታ የመጣ ዴስክቶፕ ካለ፣ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። የኃይል ገመዱ በሚሰካበት አጠገብ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነች ትንሽ ማንሸራተቻ ትገኛለች፤ በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 ይላል። 110 ቮልት ከሚጠቀም ሀገር የመጣ ማሽን በ115 ላይ እንደተቀመጠ የእኛ መብራት ላይ ቢሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት፣ ካርቶኑ በደስታና በጭብጨባ ተከፍቶ የመጀመሪያው ማሽን ሲሰካ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ክፍሉን የተቃጠለ ሽታ ሞላው። የቀሩትን በብዕር ጫፍ ወደ 230 አንሸራትተን አተረፍናቸው። ልጆቹ ግን ለሳምንታት ሶኬት ለመንካት ፈርተው ነበር፤ ያን ፍርሃት ማስለቀቅ ማሽኑን ከመተካት የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። ማንሸራተቻ የሌላቸው አዳዲስ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ቮልቴጅ ይቀበላሉ፤ ቢሆንም ጀርባቸው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ።

ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ውስጡ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ቢኖረው እንኳ ብዙ ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» እያለ ይከለክላል፤ መምህሩም ኔትወርኩ ተበላሸ ብሎ ይተወዋል። ይህችን ባትሪ መቀየር ለመምህሩ የሚሰጥ ጥሩ የመጀመሪያ ጥገና ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል።

የአየሩ ጠባይም አንድ ዓይነት አይደለም። በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ጣት ስለሚያደነዝዝ የመጻፍ ልምምድን ወደ ረፋድ መውሰድ ይሻላል፤ ላፕቶፕም ሌሊቱን በቀዝቃዛ ክፍል አድሮ ሞቅ ወዳለ ቦታ ሲገባ ጤዛ ስለሚይዝ ትንሽ ቆይቶ ይከፈት። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ያለው ችግር እርጥበት ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ሙቀትና አቧራ ይገጥማችኋል፤ እዚያ በወር አንድ ቀን ማራገቢያዎቹን በብሩሽ የማጽዳት ተራ ለክበቡ አባላት አውጡ።

ንብረትን በተመለከተ አጭር ነገር ልጨምር። ይዛችሁ የመጣችሁትን ማናቸውንም ዕቃ፣ አንዲት ማውዝም ብትሆን፣ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ገቢ አስደርጉ፤ ለጥገና የሚወጣውንም ያለ መውጫ ፈቃድ አትንኩ። በወዳጅነት ተሰጥቶ ሳይመዘገብ የቀረ ዕቃ ቆጠራ ሲመጣ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ያስጠይቃል።

መምህሩን ማስቻል

መምህራን ኮምፒውተር የማይነኩት ብዙውን ጊዜ ስለማያውቁ አይደለም፤ በተማሪ ፊት መሳሳትን ስለሚፈሩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀጠሮዎች ተማሪ በሌለበት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከመምህሩ ጋር ብቻ ይሁኑ። አንዲት መምህርት ከእኔ ጋር በተቀመጡበት የመጀመሪያ ቀን ወንበሩን ለእኔ ትተው በቁማቸው ይጠብቁ ነበር።

«መምህር፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ከጎን እሆናለሁ» አልኳቸው።

«ቢበላሽብኝስ?»

«ቢበላሽ አብረን እናየዋለን። እንዲያውም ዛሬ ሆን ብለን እናበላሸዋለን።»

ከዚያ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ለምኜ የሞኒተሩን ገመድ ላላ አደረግኩ። ሲመለሱ ስክሪኑ ጨልሟል። መጀመሪያ የሲፒዩውን መብራት እንዲያዩ፣ ቀጥሎ የሞኒተሩን መብራት እንዲያዩ፣ ከዚያ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው እንዲከተሉ ብቻ ነገርኳቸው። ገመዱን አግኝተው ጠበቅ ሲያደርጉትና ስክሪኑ ሲበራ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው «ሌላ አበላሽልኝ» አሉ። በዚያ ከሰዓት አምስት ብልሽት ፈጠርኩ፤ የላላ ገመድ፣ የተነቀለ ኪቦርድ፣ የጠፋ የአማርኛ መጻፊያ፣ ድምፁ የተዘጋ ስፒከር፣ የሞላ ፕሪንተር ወረፋ። አምስቱንም ራሳቸው ፈቱ። በሚቀጥለው ሰኞ አንድ ማሽን በክፍለ ጊዜው መሐል ሲጠፋ፣ ተማሪዎቹ ዘወር ብለው ያዩት እኔን ነበር፤ መምህርቷ ግን ቀድመውኝ ከጠረጴዛው ሥር ነበሩ።

ለመምህሩ የዕለት ሥራውን የሚያቀልለትን ነገር ቀድማችሁ አሳዩ። ውጤት በኤክሴል መሙላት፣ ድምርና አማካይ ማውጣት፣ ደረጃ መስጠት፣ ሮስተር ማተም፤ እነዚህን የቻለ መምህር ኮምፒውተሩን በየሳምንቱ ይከፍተዋል። እዚህ ላይ የስም አጻጻፍ ያስቸግራል። አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ ፍለጋውም አያገኛቸውም። ትምህርት ቤቱ በምዝገባ መዝገቡ ላይ ያለውን አጻጻፍ እንዲከተል አስማሙ። በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ቅርጸ ቁምፊዎች የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ሌላ ማሽን ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ቢታዩም ጽሑፉ አልጠፋም፤ ዩኒኮድ ወደሚባለው፣ ሁሉም ማሽን ወደሚያነበው የጋራ የፊደል ሥርዓት መቀየር ነው የሚያስፈልገው።

ክፍል ውስጥ

አሥራ ሁለት የሚሠራ ኮምፒውተርና ስልሳ ተማሪ ሲኖር በአንዱ ላይ አምስት ልጅ ይቀመጣል። ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ማውዙን የሚይዘው ቤቱ ወይም ሰፈሩ ኮምፒውተር ያየ አንድ ልጅ ነው፤ ሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆመው ይቀራሉ። ይህን ለማስቀረት የታክሲ ሥርዓት እንጠቀማለን። ማውዝና ኪቦርድ የያዘው ሹፌር ነው፤ ከጎኑ ያለው ረዳት ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ተሳፋሪዎች ናቸው። ሹፌሩ በራሱ ሐሳብ ምንም አይጫንም፣ ረዳቱ ያለውን ብቻ ይፈጽማል፤ ረዳቱ ማውዝ አይነካም፣ በቃል ብቻ ይመራል፤ ተሳፋሪዎቹ ስሕተት ሲያዩ «ወራጅ አለ» ብለው ያስቆማሉና ምክንያቱን ያስረዳሉ። በየስምንት ደቂቃው መምህሩ ሲያጨበጭቡ ሁሉም አንድ ወንበር ይዛወራል፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ አምስቱም ይነዳሉ። ጨዋታ ቢመስልም፣ ረዳት የሆነ ልጅ የሚፈልገውን ነገር ደረጃ በደረጃ በቃል መናገር ግድ ስለሚሆንበት፣ ፕሮግራም የመጻፍን ዋና ልምምድ እዚያው ይለማመዳል።

የማውዝና የኪቦርድ ልምምድን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። መልሱን እያወቀ ማውዙ የሚያመልጠው ልጅ ጊዜውን በከንቱ ያጣል፤ ይህ በሳምንት ሃያ ደቂቃ ልምምድ የሚወገድ ችግር ነው።

ከማስተምራቸው ትምህርቶች ሁሉ የምወደው የፊደል ቁጥር ነው፤ ለማንኛውም ትምህርት ቤት እመክረዋለሁ። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጥቷል። ተማሪዎቹ በኤክሴል አንድ ሕዋስ ላይ «ሀ» ብለው ይጻፉና በሚቀጥለው ሕዋስ ዩኒኮድ በሚባለው ፎርሙላ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ 4608 ይላቸዋል። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ እስከ «ሆ» 4614 ይሄዳል። «ለ» ግን 4616 ነው። አንዱ ቁጥር የት ሄደ? ልጆቹን ይህን ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የተያዘው ስምንት ቦታ መሆኑን፣ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት መሆናቸውን፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት የተተወ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ «ሏ»ን ጽፈው 4623 ሲያዩ ክፍሉ ይነቃል። ቀጥሎ «ሙ»ን ስጧቸው። ቁጥሩ 4633 ነው፤ 4608 ሲቀነስ 25 ይቀራል፤ 25 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 1 ይተርፋል። ከዜሮ ጀምረን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን ስንቆጥር 3ኛው «መ» ነው፤ ትራፊው 0 ቢሆን ግዕዝ፣ 1 ሲሆን ካዕብ ነው። የየኔታ ገበታ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ በረድፍና በዓምድ ተደርድሮ ማየት ልጁን የራሱ ፊደል የኮምፒውተር ፊደል መሆኑን ያስረዳዋል። ማካፈል፣ ትራፊ፣ ሠንጠረዥና ፎርሙላ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጠቃለላሉ።

መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት

መብራት የሚጠፋበትን ቀን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ መደበኛ ቀን አቅዱት፤ መምህሩ በመሳቢያቸው ሁልጊዜ ሁለት የተዘጋጁ ያለ ኮምፒውተር የሚሰጡ ትምህርቶች ይኑሯቸው። አንዱ የሁለትዮሽ ቁጥር ነው። አምስት ልጆች 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ይሰለፋሉ፤ የቆመ 1፣ የተቀመጠ 0 ነው። መምህሩ የወሩን ቀን ይጠራሉ። 12 ሲባል 8ና 4 ይቆማሉ፤ 21 ሲባል 16፣ 4ና 1 ይቆማሉ። በአምስት ልጅ እስከ 31 ስለሚደረስ የወሩ ሠላሳ ቀናት በሙሉ ይገባሉ፤ ሚካኤልንና ማርያምን የሚያውቅ ልጅ ቁጥሩን አይረሳም፣ ሌላው ደግሞ የልደቱን ቀን ይጥራ። ሁለተኛው ገበጣ ነው። ጠጠሮቹን አንሣ፤ እጅህ ላይ ጠጠር እስካለ ድረስ በቀጣዩ ጉድጓድ አንድ አንድ ጣል፤ ይህ የፕሮግራም ድግግሞሽ ነው። ተማሪዎቹ የሰፈራቸውን የገበጣ ሕግ አንድም ነገር ሳይዘልሉ በወረቀት ላይ ጽፈው ለማያውቀው ጓደኛቸው ይስጡ፤ ጓደኛው የተጻፈውን ብቻ ሲፈጽም የጎደለው መስመር ይወጣል።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ጨርሶ እንደሌለ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ትምህርቶችን አስቀምጦ በግቢው ውስጥ ባለ ዋይፋይ ለሌሎቹ ያካፍላል፤ ኪዊክስ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ልጆች ትእዛዞችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ስክራችም ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ገጽታውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። የመንዝ ልጆች የጓሳን ጭላዳ ሣር እየነጨ ከቀበሮ ሲሸሽ በስክራች ሲያንቀሳቅሱ አይቻለሁ፤ ጭላዳው ቀበሮው ሲቀርብ ብቻ እንዲሮጥ ለማድረግ ሁኔታን የሚፈትሽ ትእዛዝ ያስፈልጋልና፣ ትምህርቱ ሳይጠራ ይመጣል።

ይህን ሁሉ የምታስገቡበት ፍላሽ ግን የቫይረስ መንገድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል፤ ፎርማት ከማድረግ በፊት የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ አብሩ። በዚህ ምክንያት የአንድ ዓመት ሮስተር ሲጠፋ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምጽፈው።

የልጆች ደኅንነት

ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻችሁን በተዘጋ ክፍል አትቀመጡ፤ በሩ ክፍት ይሁን፣ መምህሩ ይኑሩ። የተማሪ ስልክ ቁጥር አትሰብስቡ፤ መልእክት ካለ በመምህሩ በኩል ይሂድ። የልጆችን ፎቶ ከወላጅና ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ውጭ በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም አትለጥፉ። በቁጥር 1321/2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰውን መረጃ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ባለ ሕጋዊ ምክንያት ብቻ መያዝን ግዴታ አድርጓል፤ ይህንኑ ለተማሪዎቹ ስታስተምሩ ራሳችሁ ቀድማችሁ ፈጽሙት።

ርክክብ

የመጨረሻውን ወር ከመጀመሪያው ቀን አንሥታችሁ አስቡት። ከአራት ሳምንት በፊት ሰሌዳው ፊት መቆም አቁሙ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት በኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቀን ሆን ብላችሁ ቅሩና መምህሩ ምን እንዳጋጠማቸው በማግስቱ ጠይቁ። በዚያ ቀን ያስቸገራቸው ነገር የቀሪው ጊዜ ትምህርታችሁ ነው።

ለክፍሉ አንድ የጥቁር ልባስ ደብተር ተዉ። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ቁጥር ለጥፉ፤ በደብተሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ገጽ ይሰጠው፣ መቼ ምን እንደተበላሸበት፣ ማን እንደጠገነው፣ ምን ዕቃ እንደተቀየረለት በቀን ይጻፍ። የማሽኖቹ የይለፍ ቃላት በታሸገ ፖስታ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጡ። የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በትምህርቱ መምህር፣ ሌላው በንብረት ክፍል ይያዝ። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ እናንተ አትጻፉት፤ መምህሩ በእጃቸው ይጻፉት፣ እናንተም ከሥሩ ፈርሙ።